እባቡ፣ ፈረሱና የብሩ ዋጋ

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ለአንድ ወንድ ልጅ ክርስትና ተጠርቼ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳቦው ተቆርሶ እንግዳው ሲጫወት፣ የክርስትና አባቱ ከደረት ኪሱ ትንሽ ሣጥን አወጣ። በውስጡ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን የለበሰ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ የብር ሳንቲም ነበር። የልጁ አያት መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ ብለው አዩትና ወዲያው አማተቡ።

«በስመ አብ! ለአራስ ልጅ እባብ ይሰጣል?»

«እማማ፣ ለክፉ አይደለም፤ ልጁ የተወለደበት ዓመት ነው። ቻይናዎች ዓመቱን በእንስሳ ነው የሚጠሩት» አለ ሰውየው ደንግጦ።

እማማ አልተዋጠላቸውም። ሳንቲሙ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ፤ ሣጥኑም ከስጦታው ሁሉ ሥር ገባ። ከምሳ በኋላ የክርስትና አባቱ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እንዲህ ያለውን ነገር እንደምከታተል ስለሚያውቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፦ «ለመሆኑ ዋጋው ስንት ነው? እኔ የከፈልኩትን አይደለም። ልጁ አድጎ ልሽጠው ቢል ስንት ያገኝበታል?»

በዚያ ሁካታ መካከል በቅጡ አልመለስኩለትም። ጥያቄው ግን የእሱ ብቻ አይደለም። የብር ማዕድን ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2025 ሽቅብ ወጥቷል። የፈረስ ዓመት መባቻ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ የፈረስ ምስል የተቀረጸባቸው የብር ሳንቲሞችም ዓመቱ ሳይገባ ይቸበቸቡ ነበር። ገዢው ከብሩ፣ ከእጅ ሥራውና ከኮከቡ ለየትኛው ስንት እየከፈለ እንደሆነ ቢያውቅ፣ ከኋላ ጸጸት ይድናል ብዬ አምናለሁ።

ዓመትን በስም መጥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ እያልን በአራቱ ወንጌላውያን እናዞራለን፤ 2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ነው። ቻይናውያን ደግሞ አሥራ ሁለት እንስሳት አሏቸው፦ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ፣ ፈረስ፣ ፍየል፣ ዝንጀሮ፣ አውራ ዶሮ፣ ውሻና አሳማ። የዓመታቸው መባቻ ጨረቃን ስለሚከተል ቀኑ ይለዋወጣል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይውላል። የእባቡ ዓመት የገባው ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ለልጅ ስጦታ የሚገዛ ሰው ይህን ልብ ሊል ይገባል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2026 የተወለደ ልጅ፣ ሳንቲሙ ላይ «2026» ከሚል ጽሑፍ ጋር የተቀረጸው ፈረስ የእሱ አይደለም፤ እሱ ገና በእባቡ ዓመት ውስጥ ነው።

የእኛ ሰው «ኮከባችን አልገጠመም» ሲል የሚያስበው ደግሞ ሌላ ቆጠራ ነው። ከሐመል ተነሥቶ በሠውር፣ በገውዝ፣ በሸርጣን አድርጎ እስከ ሑት የሚዘልቀው የደብተሮች ስሌት የልደት ቀን አይጠይቅም። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም በፊደላቸው ቁጥር ደምሮ ለ12 ያካፍላል፤ ኮከቡን የሚነግረው ቀሪው ቁጥር ነው። ስለዚህ አንድ የሐበሻ ልጅ ሦስት ኮከብ ሊኖረው ይችላል፦ አንዱ በስሙ፣ አንዱ በተወለደበት ወር፣ አንዱ በተወለደበት ዓመት። የሳንቲም አምራቾች ለኋለኞቹ ለሁለቱ ቀርጸዋል። ለመጀመሪያው የተቀረጸ ግን እስካሁን አላየሁም፤ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰማይን በሳንቲም ላይ መቅረጽ ጥንታዊ ልማድ ነው። የሮሙ አውግስጦስ ቄሣር ኮከቡን በአደባባይ አሳውጆ፣ ግማሽ አካሉ ፍየል ግማሹ ዓሣ የሆነውን የጀዲን ምልክት በብር ዲናር ላይ አስቀርጿል። የሕንዱ የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር እ.ኤ.አ. በ1618 በሳንቲሞቹ ላይ የወሩ ስም የሚጻፍበትን ቦታ ለወሩ ኮከብ ምስል ለቀቀ። ወርቆቹ በአግራ፣ የብር ሩፒዎቹ በአብዛኛው በአህመዳባድ ተመቱ። ልጁ ሻህ ጃሃን በነገሠ ጊዜ ሰብስባችሁ አቅልጧቸው ብሎ አዘዘ ይባላል፤ ዛሬ የተረፉት ውድ የሆኑት ለዚህም ጭምር ነው። የእኛዎቹ የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምሮ ከምስላቸው በላይ ክብና ጨረቃ ያስቀርጹ ነበር፤ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በጨረቃው ቦታ መስቀል ገባ። እነዚያ ሳንቲሞች ግን ገበያ የሚወጣባቸው ገንዘቦች ነበሩ። ዛሬ የምናወራላቸው ከፋብሪካ እስከ መሳቢያ ብቻ የሚጓዙ ናቸው።

የዛሬውን የኮከብ ሳንቲም ዘመን የጀመረችው ቻይና ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የአውራ ዶሮን ዓመት በወርቅና በብር አወጣች (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልታከለባቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው)። ገበያውን ያሰፋው ግን የአውስትራሊያው የሳንቲም መምቻ ድርጅት፣ ፐርዝ ሚንት ነው። ፐርዝ ሚንት በ1899 የእንግሊዝ ንጉሣዊ ሚንት ቅርንጫፍ ሆኖ ተከፈተ፤ ዛሬ ንብረትነቱ የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ነው። በ1996 በወርቅ፣ በ1999 ደግሞ በብር ጥንቸል ጀመረ። የመጀመሪያው የብር ዙር በ2010 በነብር ተዘጋ፤ ሁለተኛው ከ2008 እስከ 2019 ሄደ፤ በ2020 የተጀመረው ሦስተኛው በ2031 በአሳማ ያበቃል። የእንግሊዙ ንጉሣዊ ሚንት በ2014 በፈረስ ተከተለ። ሩሲያ፣ ዩክሬንና ቤላሩስ በበኩላቸው ከሐመል እስከ ሑት ያሉትን አሥራ ሁለቱን ኮከቦች በብር አውጥተዋል። በጎረቤቶቻችን ስምም ወጥቷል፦ በ2000 የሶማሊያ ስም ያለባቸው ባለ 10 ሽልንግ አሥራ ሁለቱ እንስሳት፣ በ2006 የሶማሌላንድ ስም ያለባቸው ባለ 10 ሽልንግ አሥራ ሁለቱ ኮከቦች። የሶማሌላንዶቹ ብር አይደሉም፤ ብረት ናቸው። ፎቶግራፍ ላይ ያው ብልጭልጭ ስለሆኑ፣ ከምስሉ በፊት የተሠሩበትን ማዕድን ማንበብ ግድ ይላል።

ወደ ክርስትና አባቱ ጥያቄ ልመለስ። ያ የፐርዝ የእባብ ሳንቲም ሦስት ዋጋ አለው። የመጀመሪያው ጀርባው ላይ የተጻፈው ነው፦ 1 የአውስትራሊያ ዶላር። ሕጋዊ ገንዘብ የሚያሰኘው ይህ ነው፤ በዚህ ዋጋ የሚያወጣው ጤነኛ ሰው ግን የለም።

ሁለተኛው የብሩ ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ቃላችን ራሱ ግራ ያጋባል። ፈረንጅ ገንዘቡንና ማዕድኑን በሁለት ስም ይጠራል፤ እኛ ሁለቱንም «ብር» እንላለን፣ ምክንያቱም አያቶቻችን ዘንድ ሁለቱ አንድ ነበሩ። ወቄት የምንለው ሚዛንም የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ማለት ነበር፤ 28 ግራም ያህል። የዓለም የከበሩ ማዕድናት ገበያ ወቄት ግን ከፍ ይላል፤ 31.1 ግራም ነው። የእባቡ ሳንቲም አንድ ሙሉ የዚህ ወቄት ነው፤ ከሺህ እጅ 999.9ው ንጹሕ ብር ነው። በዚያ ሰኔ ወቄቱ 36 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር።

ሦስተኛው የተከፈለበት ዋጋ ነው፦ ወደ 60 ዶላር። በሁለቱ መካከል ያለው 24 ዶላር ለእጅ ሥራው፣ ለሣጥኑ፣ ለማጓጓዣው፣ ለነጋዴው ትርፍና ለእባቡ የተከፈለ ነው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብሩ ተቀማጭ ነው፤ በማንኛውም ቀን በሚዛን ይሸጣል። ሃያ አራቱ ዶላር ግን የሚመለሰው ያንን እባብ ለእባብነቱ የሚፈልግ ሌላ ሰው ከተገኘ ብቻ ነው። ያ ሰው ካልተገኘ ነጋዴው ሳንቲሙን ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ ምስሉን አያይለትም።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የወቄቱ ዋጋ ከ50 ዶላር አልፎ የቀድሞውን ክብረ ወሰን ሲሰብር ሰውየው ደወለልኝ። ደስ ብሎታል፤ ደስ ሊለውም ይገባል። ሆኖም የብር ዋጋ ሲጋልብ ለምስሉ የተከፈለው ጭማሪ ይዋጣል። ትናንት 36 ሲያወጣ በነበረ ብር ላይ 24 ዶላር ጨምሮ የገዛ ሰብሳቢ፣ ነገ 70 ሲገባ በዚያ ላይ ሌላ ጭማሪ ለመክፈል ይከብደዋል፤ ሻጩም በሚዛን ይበቃኛል ይላል። የነጠረ ብር ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ ተራ የሆኑት ሳንቲሞች ወደ ማቅለጫ ይሄዳሉ። ያለፈውንም ማስታወስ ይጠቅማል። በጃንዋሪ 1980 ወቄቱ 50 ዶላር አካባቢ ደርሶ፣ በዚያው ዓመት በማርች መጨረሻ ከ11 ዶላር በታች ወረደ። በኤፕሪል 2011 እንደገና 49 አካባቢ ወጣ፤ በ2015 መጨረሻ ከ14 በታች ነበር። በ2011 ጫፍ ላይ የገዛ ሰው የብሩን ዋጋ ብቻ መልሶ ለማየት አሥራ አራት ዓመት ተኩል ጠብቋል፤ አሥራ ሁለቱ እንስሳት አንድ ሙሉ ዙር ዞረው ሁለተኛውን እስኪጀምሩ ማለት ነው።

እንስሳቱም እኩል አይፈለጉም። ዘንዶ ሁሉንም ይበልጣል። በቻይናውያን ዘንድ የዘንዶ ዓመት ልጅ ዕድለኛ ነው ስለሚባል በታይዋን፣ በሆንግ ኮንግና በሲንጋፖር በዘንዶ ዓመታት የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ይጨምራል። የ2012ቱ የፐርዝ ዘንዶም እንደወጣ ተሸጦ አለቀ። ለእኛ ዘንዶ ማለት ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፈረሱ ላይ ሆኖ የሚወጋው ነው፤ አንዱ ሕዝብ ለልጁ የሚመኘውን ሌላው ጦር ይሰብቅበታል። ለሐበሻ ቤት ስጦታ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብ እመርጣለሁ። እማማ ያማተቡት ባለማወቅ አይደለም፤ እባብ በእሳቸው ዓለም የራሱ ታሪክ አለው። ሳንቲሙን የሚቀበለው ቤተሰብ ምስሉን በምን ዓይን ያነበዋል የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ይቀድማል።

«ቁጥሩ የተወሰነ ነው» የሚለው ማስታወቂያም ሊመረመር ይገባል። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የፐርዝ ባለ አንድ ወቄት የብር ሳንቲም ከፍተኛው ቁጥር በየዓመቱ 300,000 ነው። የተወሰነ ነው፤ ጥቂት ግን አይደለም። ከዚያም በላይ ገደቡ ለዚያ ዓይነት ብቻ ነው። ያው እንስሳ፣ በያው ዓመት፣ በግማሽ ወቄት፣ በሁለት ወቄት፣ በኪሎ፣ በቀለም፣ በወርቅ ቅብ፣ ፕሩፍ በሚባለው ልዩ አቀራረጽ ይወጣል። ሌሎች አገሮችም የራሳቸውን ይጨምራሉ። ገዢው አንዱን ፈረስ ብቻ ሳይሆን መንጋውን መቁጠር አለበት።

እውነተኛ ብርቅነት የሚመጣው አንዳንዴ በስህተት ነው። በ2014 የእንግሊዙ ንጉሣዊ ሚንት የመጀመሪያውን የፈረስ ሳንቲም ሲመታ ብሪታኒያ የምትባለውን ሌላዋን የብር ሳንቲሙንም ጎን ለጎን ያመርት ነበር። የሁለቱ ሳንቲሞች፣ የእንግሊዝ ንግሥት ምስል ያለበት ገጽ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። መቅረጫዎቹ ተለዋወጡና የብሪታኒያ ገጽ ፈረሱ ላይ፣ የፈረሱ ገጽ ብሪታኒያ ላይ ታተመ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞች ማንም ሳያስተውል ወጡ። ነገሩ ሲታወቅ በሚዛን ዋጋ የተገዙት ሳንቲሞች ብዙ እጥፍ ያወጡ ጀመር።

ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ እኔም የ2014ን ፈረስ ፈለግሁ። ከኢንተርኔት፣ ከማላውቀው ሻጭ፣ ከገበያው ትንሽ ቀነስ ባለ ዋጋ ገዛሁ። ሲደርሰኝ ውብ ነበር። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 31.1 አለ፤ ማግኔት አልያዘውም። ጠርዙን በጣቴ ስዳብሰው ግን ከሌሎቹ ወፈር ያለ መሰለኝ።

እንዲህ አደረግሁ። ሚዛኑ ላይ በውኃ የተሞላ ብርጭቆ አስቀምጬ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስሁት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አሥሬ፣ የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳያስነካ፣ ውኃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ብር ከውኃ 10.49 እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ 31.1 ግራም ንጹሕ ብር ሲንጠለጠል ሚዛኑ 3 ግራም ገደማ ማሳየት አለበት። የእኔ 3.5 አሳየ። ያ የመዳብ ቁጥር ነው፤ መዳብ ከውኃ 9 እጥፍ ያህል ብቻ ስለሚከብድ ያንኑ ክብደት ለመሙላት ሳንቲሙ መወፈር ነበረበት። በብር የተለበጠ መዳብ ገዝቼ ነበር። ሻጩ መልስ አልሰጠም፤ ገንዘቤም አልተመለሰም።

ዝና ያገኘ ሳንቲም ሁሉ አስመሳይ ይከተለዋል። ታሪኩ ፍላጎትን ይጠራል፤ ፍላጎት ደግሞ ሐሰተኛውን ይጠራል። በርካሽ የሚገኝ የ2012 ዘንዶ ወይም የ2014 ፈረስ ያየ ሰው ከመደሰቱ በፊት ይጠርጥር፤ ሻጩንም ይወቅ። የውኃው ፈተና ተራ ለሆነውና ለሚያጠራጥረው ሳንቲም ነው። ፕሩፍ የሆነውን ከክዳኑ ማውጣት ራሱ ዋጋውን ይቀንሳል።

አያቶቻችን ይህን ሥራ ያለ ሚዛን ይሠሩት ነበር። የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር የሚቀበል ነጋዴ የእቴጌይቱን ደረት ጌጥና የራስ ዘውድ በጥፍሩ እየነካ የእንቁዎቹን ነጠብጣብ ይቆጥር ነበር፤ ያልተሟላ ወይም የተፋቀ ከሆነ ይመልሰዋል። ያ ሳንቲም ለኮከብ ሳንቲም ሰብሳቢ ትልቅ ትምህርት አለው። ሁሉም «1780» ይላል፤ ያ እቴጌይቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ለብዙ አሥርት ዓመታት በመቶ ሚሊዮኖች እየተመታ ወጥቷል። ስለዚህ ቤቱ ጠገራ ብር ያለው ሰው የቀኑን እርጅና አይቶ ሀብታም ሆንኩ ማለት የለበትም። ሳንቲሙ 28.07 ግራም ሲመዝን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ነው፤ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ይሆናል። ወቄቱ 50 ዶላር ሲገባ 37 ዶላር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ጠገራ ብር ይወደድ የነበረው በብዛቱና በታማኝነቱ ነው፤ አንጥረኛው አቅልጦ መስቀልና አምባር ሲሠራውም ከሚዛኑ የሚጎድል ነገር አልነበረም። የኮከብ ሳንቲም ግን ከቀለጠ ከዋጋው ግማሽ ያህሉ አብሮ ሊቀልጥ ይችላል።

በውጭ የሚኖር ወገን ግብሩንም ይመልከት። በአሜሪካ ሳንቲም ከስብስብ ዕቃዎች ጋር ስለሚቆጠር ከዓመት በላይ ቆይቶ ሲሸጥ የትርፉ የፌዴራል ግብር እስከ 28 በመቶ ይደርሳል። በእንግሊዝ የብር ሳንቲም ሲገዛ 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለው፤ የአገሩ ሕጋዊ ገንዘብ የሆነው ግን ሲሸጥ የካፒታል ትርፍ ግብር አይከፈልበትም።

አያያዙ አጭር ነው፦ አይወለወልም። የእኛ ቤት ብርን በአመድና በሎሚ ማንጻት ያውቃል፤ ለጌጥ መልካም ነው። ለሰብሳቢ ሳንቲም ግን አንድ ጊዜ መፈግፈግ የማይመለስ ጉዳት ነው፤ የገጹ ብልጭታ በስውር ጭረቶች ይጠፋል። ቢጠቁር እንኳ ይተው።

ባለፈው ወር የልጁን ቤት ስጎበኝ እማማ ራሳቸው ጉዳዩን አነሡት። በአንገታቸው ክር ላይ ያለውን፣ ጆሮ የተበየደለትን የእናታቸውን ጠገራ ብር እያሻሹ፣ «እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ የእኔና የዚያ እባብ ቢመዘን ማን ይበልጣል?» አሉኝ።

«በብሩ እባቡ ይበልጣል፣ እማማ።»

ጥቂት ዝም አሉ። «ፈረስ ቢሆን ኖሮ እኮ ጊዮርጊስ ይቀመጥበት ነበር» አሉ።

የክርስትና አባቱን ሳንቲሙን እንዳይሸጠው፣ ከክዳኑም እንዳያወጣው ነገርኩት። የገዛበትን ደረሰኝ አጣጥፎ ከሣጥኑ ሥር አስቀመጠው፤ በወረቀቱ ጀርባም የልጁን የክርስትና ስምና ቀኑን ጻፈበት። የሚቀጥለው የእባብ ዓመት እ.ኤ.አ. በ2037 ሲገባ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ይቀሩታል።